በርኖስሽና ጥንዱ ስምንት

ለወርቄ፣

እንዴት ነሽ ብዬ አልጀምርም፤ መልስ ለማይመጣበት ጥያቄ ቀለም አላስጨርስም። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ብቻ ከደብረ ብርሃን ብርድ ጋር ተጣልቷል፤ ሌላው አካሌ ይታዘዘኛል። ከተለየሽኝ ሁለት ክረምት አለፈ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይቀላል ብለውኝ ነበር። የቀለለው ለእነሱ ነው።

ይህን የምትጽፈው ልጃችን ብርቱካን ናት። ሱቋን ለባሏ ትታ ከአረርቲ መጥታ ሰሞኑን እኔ ዘንድ ናት። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ አንቺም ይህን እያወቅሽ ነው ያገባሽኝ፤ ዛሬ የማፍርበት ምክንያት የለም። "የምልሽን ጻፊ፤ ያልተስማማሽበትን አፍሽ ውስጥ ያዢው" ብያታለሁ። አፍንጫዋን እየነፋች ትጽፋለች። አፍንጫው ያንቺ ነው።

ቤቱ እንዳለ ነው። የባሕር ዛፉ አጥር በስብሶ በቆርቆሮ ቀየርኩት፤ ነፋስ ሲመጣ ያጨበጭባል። ውሃው ግቢ ድረስ ገብቶልናል፤ በውርጭ ጊዜ ግን ፀሐይ ሞቅ እስክትል ቧንቧው አይተፋም። ጎመንሽን ባለፈው ኅዳር ውርጭ በላው። እኔ መልሼ ተክዬዋለሁ። እንዳንቺው አያምርም፤ ግን ጎመን ነው፣ ይበላል።

የኋላውን ክፍል ለአንድ መምህር አከራየሁት። ዮናስ ይባላል፣ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ያስተምራል። አገሩ አርባ ምንጭ ነው፤ ሙቀት የለመደ ሰው። ሁለት ሹራብ ደርቦ ይንቀጠቀጣል። በገባ በሳምንቱ በር ላይ ቆሞ "አባባ ተክሌ፣ እዚህ አገር ፀሐይ የምትወጣው ለወጉ ነው እንዴ?" አለኝ። ወደድኩት። እንደወደድኩት ግን አላሳየሁትም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በርኖስሽ እኔ ጋ የለም። ቁጣሽን ያዢና እስከ መጨረሻው ስሚኝ።

ያንን በርኖስ እንዴት እንዳሠራሽው አልረሳሁም። ጥቁሩን ሱፍ አንኮበር ከእናትሽ በጎች ሸልተሽ፣ አንድ በጋ ሙሉ ራስሽ ፈትለሽ፣ ሸማኔው ዘንድ ስትሄጂ "ለባልሽ ነው?" አለሽ። "ለራሴ ነው" አልሽው። "ይኼ እኮ የወንድ ልብስ ነው" ቢልሽ "ብርዱ ወንድ ነሽ ሴት ነሽ ብሎ አልጠየቀኝም" አልሽና አፉን አስያዝሽው። ትከሻው ላይ ሾጠጥ ያለውን ጫፍ ጭምር እንዲያወጣልሽ አደረግሽ። ገበያ ስትወጪ ሰው ዞሮ ያይሽ ነበር። እኔ ከጎንሽ ስሄድ የምኮራ አልመስልም ነበር፤ እኮራ ነበር።

የመጫወቻ ካርታውንም እንደዚያው ነው ያመጣሽው፣ ማንንም ሳታስፈቅጂ። ከአንኮበር ቁልቁል ወደ ቆላው የሚወርደው መንገድ ሲሠራ እኔ ድንጋይ እፈልጥ ነበር፣ አንቺ ካምፑ ውስጥ ለመሐንዲሶቹ ታበስይ ነበር። ፈረንጆቹ እሑድ እሑድ ፖከር የሚሉትን የካርታ ጨዋታ ይጫወታሉ። አንቺ ሻይ ስታቀርቢ ከኋላቸው ቆመሽ የሁሉንም ካርታ ታያለሽ። "ጥሩ ካርታ የያዘ ሰው ሻዩን ይረሳል፤ የሚዋሽ ሰው ስኳር ደጋግሞ ያማስላል" አልሽኝ። ሲሄዱ አንዱ ካርታውን ትቶልሽ ሄደ። እኔን ያስተማርሽኝ በዚያ ነው። ፊደል ባላውቅም ነጥብ እቆጥራለሁ፤ ንጉሡን በዘውዱ፣ ንግሥቲቱን በአበባዋ አውቃለሁ። ለዚህ ጨዋታ ከዚህ በላይ ትምህርት አያስፈልግም።

ከዚያ ደብረ ብርሃን ስንገባ ሰፈሩን በሙሉ አስለመድሽ። ጳጉሜ ላይ፣ ወሩ አጭር ነው ብሎ ማንም ሰው ሥራ በማይጀምርበት ጊዜ፣ ሁሉም ከየቤቱ አንድ ጣሳ ባቄላ ይዞ እኛ ግቢ ይመጣል። ባቄላው ያለቀበት ይነሣል፤ ሄዶ ጨምሮ ማምጣት የለም። በመጨረሻ የሁሉም ባቄላ ፊቱ የተከመረለት አሸናፊ ነው። ያሸነፈው ባቄላውን ዘፍዝፎ በማግስቱ ለሁላችንም ንፍሮ ቀቅሎ ያበላል። ንስሐ አባትሽ ሰምተው "ቁማር ነው አሉ የምታስጫውቺው" ቢሉሽ "ባቄላ ነው አባቴ፤ ነገ ይምጡና ይቅመሱ" አልሻቸው። መጡ። ቀመሱ። ጨው አንሶታል ብለው ሄዱ።

አንቺ ሁልጊዜ በግራዬ ነበር የምትቀመጪው። የሚያድለው ሰው በየዙሩ ቢቀያየርም፣ አስገባለሁ ወይ እጥላለሁ የሚባልበት ተራ ከቀኝ ወደ ግራ ስለሚሄድ፣ በግራዬ ያለ ሰው ብዙውን ጊዜ ከኔ በኋላ ነው የሚናገረው። እኔ ባቄላ እጨምራለሁ፤ አንቺ አይተሽኝ ትወስኛለሽ። "ቦታ ቀይሪ" ስልሽ "አንተ ቀድመህ መናገር ትወዳለህ፣ እኔ ምን አደረግኩህ?" ትይኝ ነበር። ቤት ውስጥም እንደዚሁ ነበርን። እኔ እጮሃለሁ፤ አንቺ ቆይተሽ አንድ ቃል ትናገሪያለሽ፣ ነገሩ ያልቃል።

የኔን በሽታም የለየሽው አንቺ ነሽ። ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ካርታ ተደብቆ ይሰጠዋል፤ ሁለቱ ሲመሳሰሉ ጥንድ ይሆናል፤ የሁሉም የሆነ አምስት ካርታ ደግሞ መሀል ላይ ቀስ በቀስ ይገለጣል። ጥንድ ሁለት ቢደርሰኝ አልቸገርም፣ እጥለዋለሁ። ጥንድ ንጉሥ ቢደርሰኝም አልቸገርም፣ እገፋዋለሁ። ጥንድ ስምንት ሲደርሰኝና ቀድሞ መናገር ሲወድቅብኝ ነው ደሜ የሚፈላው። "ስምንት መሀል ሰፋሪ ነው" ትይኝ ነበር። "ቆንጆ ይመስላል። ግን ከበላዩ ዘጠኝ አለ፣ አሥር አለ፣ እነዚህ ባለሥዕሎች በሙሉ አሉ። ከኋላህ ያለው ሰው ምን እንደያዘ ሳታውቅ ያለህን ሁሉ አትግፋ። ትንሽ አስቀምጥ፣ የሚገለጠውን ካርታ እይ። ስምንት ከመጣልህ ድምፅህን አጥፋ። ባለሥዕሎቹ ከመጡ ጠረጴዛውን መታ አድርገህ እለፍ፤ ከገፉህ ደግሞ ጣል። ባቄላህ ካለ ነገም ትጫወታለህ።"

እኔ ደግሞ ጥንድ ይዤ ጠረጴዛ መምታት አይሆንልኝም። እገፋ ነበር። ሁሉንም። አንዳንዴ ይሠራል፤ ያን ቀን አገር ይሰማኛል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ቀድሜ የምነሣው እኔ ነኝ። ያ ጎረቤታችን ደምሴ፣ ከብርድ ልብስ ፋብሪካ ጡረታ የወጣው፣ ገና ባቄላዬን ሳላፈስ "ለተክሌ የተመልካች ወንበር አዘጋጁለት" ይል ነበር። አሁንም ይላል። ቀልዱ አላረጀበትም።

አሁን የምነግርሽን ብርቱካን ባትሰማው እወድ ነበር፤ ግን እጄ እሷ ናት፣ ምን አደርጋለሁ።

ስትታመሚ ሐኪሙ አዲስ አበባ፣ ከዚያም ካልሆነ ውጭ አገር አለ። እኔ አላመነታሁም። ቤቱን እሸጣለሁ፣ አንኮበር ያለውንም መሬት፣ ያለኝን በሙሉ አልኩ። አንቺ ለሐኪሙ ጥያቄ ጠየቅሽው። በቀስታ፣ እንደ ጎረቤት። "ይኼን ሁሉ ብናደርግ ምን ያህል ተስፋ አለው?" አልሽው። እሱ መልስ ሲሰጥሽ ብዕሩን ያገላብጥ ነበር። አንቺ ፊቱን ሳይሆን እጁን ነበር የምታዪው፤ አየሁሽ። ከዚያ "አመሰግናለሁ ልጄ፣ ተክሌ አንሣኝና እንሂድ" አልሽ። አንኮበር ወስደኝ አልሽ። ገደሉ አፋፍ ላይ ተቀምጠሽ ጉሙ ከቆላው ሲወጣ እያየሽ ቆየሽ፤ እዚያው ከእናትሽ ጎን አረፍሽ።

ሁለት ክረምት ሙሉ ቂም ይዤብሻለሁ፣ ወርቄ። እስከ ዛሬ ያልተናገርኩት ልደብቅሽ ብዬ አይደለም፣ የሚጠይቀኝ ሰው ስላልነበረ ነው። ለምን ጣልሽው እል ነበር። እኔ ልገፋ ተዘጋጅቼ እያለ፣ ያለኝን ሁሉ ጠረጴዛው ላይ አድርጌ እያለ፣ አንቺ ካርታሽን ገልብጠሽ አስቀመጥሽ። ታክቷት ነው አልኩ። ከኔ ታክቷት ነው አልኩ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም።

በመጨረሻ ያዘዝሽኝ ደግሞ በርኖሱን ነው። "ሣጥን ውስጥ ቆልፈህ የብል ሲሳይ አታድርገው። ለጳጉሜው ጨዋታ ሽልማት አድርገው። ከፈለግከው አንተም እንደ ሰው ተጫውተህ ውሰደው" አልሽኝ። በሽታ ላይ ሆነሽም ታሾፊብኛለሽ።

የመጀመሪያውን ጳጉሜ አልሰማሁሽም። ግቢውን ዘጋሁ። ሣጥኑን ቆለፍኩ። በሁለተኛው ክረምት ግን እርጥበት እንዳይገባው ብዬ ስከፍት ከአንገቱ በታች ትንሽ ቀዳዳ አየሁ። የጣት ጫፍ አታስገባም። ያቺን ቀዳዳ እያየሁ ሣጥኑ ላይ ተቀመጥኩ፤ ጀንበር ዘቀዘቀች። ከዚያ ወጥቼ ደምሴን በአጥሩ ላይ ጠራሁትና "ባቄላህን ልቀም" አልኩት።

ብርቱካን ስትሰማ ከአረርቲ በስልክ ጮኸችብኝ። "የእናቴን ልብስ ለካርታ?" አለች። "የእናትሽ ትእዛዝ ነው" ብላት "ለእናቴ ሲሆን ነው የምትታዘዘው፣ ያውም ከሞተች በኋላ" አለችኝ። ይህን ስትጽፍ ሳቀች። በመጨረሻ ግን መጥታ በርኖሱን ራሷ አራግፋ፣ ቀዳዳዋን ሰፍታ፣ ወንበር ላይ አነጠፈችው። እኔ ሊወስደው የሚችል ሰው እንደሌለ ለራሴ ምዬ ነበር። ዓላማዬ አንድ ነበር፤ አሸንፌ በርኖሱን ወደ ሣጥኑ መመለስ።

አንቺ የነበርሽበት ቦታ ላይ ማንም አልቀመጥ አለ። ሰዉ ዙሪያውን እየዞረ ሌላ ወንበር ይፈልጋል። ዮናስ ምንም አያውቅምና ሰተት ብሎ ሄዶ በግራዬ ተቀመጠ። ሁሉም ወደኔ ዞሩ። ጣሳውን አፍስሶ "አባባ፣ እንግዳ ነኝና እንዳይጨክኑብኝ" አለኝ። "እዚህ አገር እንግዳ የሚከበረው ማዕድ ላይ ነው" አልኩት።

ተጫወትን። አንድ አንድ እያሉ ተነሡ። ደምሴ፣ ዮናስና እኔ ብቻ ስንቀር ደምሴ አደለ። ካርታዬን ከፍ አድርጌ አየሁ። አንድ ቀይ ስምንት፣ አንድ ጥቁር ስምንት።

ልቤ ምን እንዳለ ታውቂያለሽ። ደምሴ የራሱን ጣለ። እኔ ትንሽ ጨመርኩ፤ እስቲ ይሁን ብዬ፣ አንቺ እንዳልሽው። ዮናስ ተከተለኝ። ሦስቱ ካርታ ተገለጠ፤ ንጉሥ፣ ንግሥት፣ አራት። ስምንት የለም። ቀድሞ የሚናገር እኔ ነኝ። ጠረጴዛውን መታሁ። ጣቴ እስኪያመኝ ነው የመታሁት፤ በሕይወቴ ጥንድ ይዤ ስመታው የመጀመሪያዬ ነው። ዮናስ አንድ ጭብጥ ባቄላ አስገባ። አንድ ጊዜ ማየት አይከፋም ብዬ እኔም አስገባሁ። አራተኛው ካርታ አስ ሆነ፤ እሱ ከንጉሥም ይበልጣል። አሁንም መታሁ። ዮናስ እጆቹን እያፍተለተለ ቆየና ክምሩን ሁሉ ወደፊት ገፋው። እሱን ለመከተል ያለኝ ባቄላ በሙሉ መግባት አለበት።

ፊቱን አየሁት፤ በብርድ ስለተኮማተረ አይነበብም። ሻዩን አየሁ፤ ጠጥቶ ጨርሶታል። ደምሴ "ተክሌ ምነው፣ አሸለብክ እንዴ? ወንበሩ እንደሆነ ተዘጋጅቷል" አለ። በርኖሱን አየሁት። ብርቱካን የሰፋቻት ቦታ ታየኛለች። ያለህን ሁሉ ግፋ የሚል ያ የድሮ ደም መጣ፤ ጆሮዬ ስር ድረስ ሞቀኝ። ከዚያ የሐኪሙ ብዕር ትዝ አለኝ። ሲገለባበጥ። አንቺም እጁን ስታዪ።

ስምንቶቼን ገልብጬ ጣልኳቸው።

ደምሴ አፉን ከፍቶ ቀረ። ማንም አልሳቀም። እኔም ጠብቄ ነበር፤ የተሸነፍኩ፣ የተዋረድኩ፣ ሸክም የጣልኩ መስሎ እንዲሰማኝ። ያ አልመጣም። ጥንዴን ስለማልወዳት አልጣልኳትም እኮ። ደክሞኝም አይደለም። ዐይኔን ገልጬ፣ ሁሉንም አይቼ፣ የቀረውን ባቄላዬን አድኜ ነው የጣልኳት። አንቺ ስትጥይ ያዳንሽው ባቄላ እኔ ነበርኩ፣ ወርቄ። ቤቱም፣ መሬቱም፣ ጎመኑም። አንቺ ለምን እንደጣልሽ፣ የራሴ እጅ ሳይጥል ጭንቅላቴ ሊረዳው አልቻለም ነበር። ይኸው ነው። ከዚህ በላይ አስውቤ ልናገረው አልችልም፤ ብርቱካንም እንዳታስውበው።

ዮናስ ምን ይዞ እንደነበር አልጠየቅኩትም። ለማየት ያልከፈልክበትን ካርታ አትጠይቅ ትይ ነበር። ምናልባት ባዶውን ነበር። ምናልባት የኔ ስምንት ይበልጠው ነበር። ምናልባት አዲስ አበባ ብንሄድ ኖሮ። አልጠየቅኩም፤ አልጠይቅምም።

ጨዋታው በዚያ አላለቀም። ባተረፍኳት ባቄላ ደምሴን አስነሣሁት፤ ያዘጋጀልኝ ወንበር ላይ ራሱ ሄዶ ተቀመጠ። ያን ጊዜ ብታዪው! "ወንበሩ ይመቻል?" ብዬ ጠየቅኩት። ከዚያ ከዮናስ ጋር ሁለታችን ቀረንና ጥንድ ንግሥት ደረሰኝ። ይህችንማ አንቺም ግፋ ትይኝ ነበር። ገፋሁ። እሱ በአንድ አስ ተከተለኝ፤ በመጨረሻው ካርታ ላይ ሌላ አስ መጣለት። እንግዲህ ይኼም አለ። በትክክል ገፍቼ ተሸነፍኩ፤ ማንም ተክሌ ተሳሳተ ሊለኝ አይችልም።

ዮናስ በርኖሱን አንሥቶ አልለበሰውም። በሁለት እጁ ይዞ ወደኔ መጣ። "አባባ፣ የማን እንደሆነ አሁን ነው ብርቱካን የነገረችኝ። የተቀመጥኩበትንም አላወቅኩም። ይኼ የርስዎ ነው፣ ይውሰዱት" አለ።

እውነቱን ልንገርሽ፤ እጄ ወደ በርኖሱ ግማሽ መንገድ ሄዶ ነበር። ግን አንቺ "ተጫውተህ ውሰደው" ነው ያልሽው፤ "ለምነህ ውሰደው" አላልሽም። "አሸነፍክ፣ ልበስ" አልኩት። "ይከብደኛል አባባ" ሲል "ይከብዳል፤ የአንኮበር ሱፍ ነው" አልኩትና ትከሻው ላይ ራሴ ጣልኩለት። ሾጠጥ ያለውን ጫፍም አስተካከልኩለት። ባቄላውን ዘፍዝፎ በማግስቱ ቀቀለ። ጨው አበዛበት። ላንቺ ለቅሶ ከበላነው ንፍሮ ወዲህ አልቀመስኩም ነበር፤ ጨው ቢበዛም በላሁ።

አሁን ማለዳ ማለዳ ጉሙ ግቢውን ሲሞላው ዮናስ በርኖስሽን ለብሶ ወደ ቧንቧው ይሄዳል። በመስኮት ሳየው በየቀኑ አንድ ጊዜ አንቺ ትመስይኛለሽ። አንድ ጊዜ ብቻ፤ ከዚያ ሲያስል እሱ ይሆናል። መጀመሪያ መስኮቱን ልዘጋው አስቤ ነበር። አሁን ቀድሜ ተነሥቼ እጠብቀዋለሁ።

ካርታሽ ሣጥኑ ውስጥ ነው፤ ካርታ ብል አይበላውም። በየጳጉሜው አወጣዋለሁ፤ ባቄላውንም እኔው እለቅማለሁ። ማንም አዲስ ሰው በግራዬ ሲቀመጥ ያ ወንበር የማን እንደነበረ፣ በርኖስ የለበሰች ሴት እዚያ ተቀምጣ ስንቱን እንዳስነሣች እነግረዋለሁ። ብርቱካንም ለልጆቿ ትናገር። ጽፋዋለችና አትረሳውም፤ እኔ ስላልጻፍኩት ጭራሽ አልረሳውም።

አንድ ነገር ቀረኝ። ዕድሜያችንን ሙሉ እኔ ቀድሜ ስናገር፣ አንቺ አይተሽኝ ስትወስኚ ኖርን። አሁን ቀድመሽ የተናገርሽው አንቺ ነሽ። ለመጀመሪያ ጊዜ ከኋላሽ ተቀምጫለሁ፤ ያደረግሽውን በሙሉ አይቻለሁ። ከኋላ የሚናገር ሰው አይቸኩልም ብለሽ ያስተማርሽኝ አንቺው ነሽ።

እኔም አልቸኩልም። ካርታዬን ይዤ ተቀምጫለሁ።

ባልሽ ተክሌ